ዘግይቶ የጮኸ ጠመንጃ

ግቢ፣ እመቤቴ ላላ ሩቅያ፤ ከፀሐዩ ግቢ። ዘንድሮ ይህን ነፋስ ምን ነካው? ድንኳኑን እንደ ከበሮ ይደበድበዋል እኮ። ፈረሶቻችሁ ውኃ ጠጡ? ሻዩን ቅመሺው፤ ናናው ከጓሮዬ ነው፤ ስኳር ካነሰሽ ጨምሪ። አለቃው ባልሽ ደህና ዋለልሽ? ድምፁ ከሸራው ማዶ ይሰማኛል። ፈረሰኞቹ ሁሉ እዚያው ናቸው አይደል?... ሸራ ደግ ነገር ነው። ዓይን ይከልላል፤ ጆሮ ግን አይከለክልም።

ምን ይዘሽ መጣሽ? ውይ... የቡአዛዬ ጠመንጃ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እጄ ላይ ስትመለስ ገና ዛሬ ነው። “ለነገው ግልቢያ ትወልውልልኝ” ብሎ ሰደዳት? እንዴት ያለ ትሕትና ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ስሙ ሲጠራ ያፍራል። የባሌ እናት ሁለት ወንድ ወለደች፤ አንዱን የወይራ ለቀማ ሰሞን ቀበርነው፤ ሌላውን አላህ አቆየልን። የተረፈልንን ነው የምልሽ።

ጧት እንዴት አድርጎ አዝናናን፣ እህት ዓለም! የፈረሰኞቹ ሰልፍ እኩል ጋለበ፣ ጠመንጃውን እኩል አነሣ፣ ምላጩን እኩል ሳበ... ጧ። እንደ አንድ ሰው፤ የግልቢያው ክብር ይኸው አይደል? ሕዝቡ እልል ሊል አፉን ከፈተ። ፈረሶቹ ቆሙ፤ አቧራው ሁሉ አረፈ፤ ከአጠገቤ የነበሩት አሮጊት “አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም አለቀ” አሉ። ከዚያ ፍስስስ... ጧ። ይህችው ጠመንጃ፣ ብቻዋን። የሳቅሁ መስሎሽ ነበር? አልሳቅሁም። ሻሼን አፌ ውስጥ የጎሰጎስሁት አቧራ እንዳይገባብኝ ነው።

ደግሞስ ከሁሉ ጋር መጮህ ማን ያቅተዋል? ብቻውን የሚሰማ ወንድ ነው የጠፋው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ባሩዱም ቀስ በቀስ ሄደ። መድረሱ ነው ቁም ነገሩ።

ምሳ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነገራችሁ አሉኝ። “ወንድሜ አዝጎ ነው የተወልኝ” አለ አሉ። ሙት አይወቀስም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። መልስ የማይሰጥ ካልተወቀሰ ማን ይወቀሳል? ሕይወት ያለው ሰውማ አፍ አለው፣ ያደክማል። አለቃውም አመነው። ነገ ከግልቢያው በፊት ለሞቱት ፈረሰኞች የፋቲሓ ጸሎት ሲቀራ የቡአዛ ስም አይጠራም ተባለ። ጠመንጃውን ያዛገ ፈረሰኛ ስሙ አይነሣም፤ ደንብ ነው። ደንብ አልነቅፍም። ዕድሜውን ሙሉ የእናንተን የሁላችሁንም ጠመንጃ ሲወለውል የኖረ ሰው፣ የራሱን ረስቶ ይሆናላ።

በይ ማንቆርቆሪያውን አቀብይኝ። ተጠንቀቂ፣ የፈላ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ የባሩድ ጥላሸት አያስለቅቅም፤ የፈላው ግን ብረቱን ያሞቀውና በኋላ ራሱ ያደርቀዋል። ቡአዛ የአፈሙዝ መጥረጊያውን ዘንግ ይዞ፣ እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ፣ እንዲህ ነበር የምናወጋው። ሌላው ባልና ሚስት ምን እየሠራ እንደሚያወጋ እንጃ።

እሰይ... ይህን ሁሉ ዘይት እይልኝ። ሰላጣ ልንሠራ ነው እንዴ? ቡአዛ በጨርቅ ጫፍ አንድ ጠብታ ነበር የሚቀባት፤ ከግልቢያው በፊት ደግሞ እሷኑ በደረቅ ጨርቅ መልሶ ይጠርጋታል። ዘይት የጠጣ ባሩድ እንቅልፋም ነው ይል ነበር። ስስታም ነበር፤ አላህ ይማረው። ቸር ሰው ግን ሲቀባ በሳህን ነው... ዳቦ ብቻ ነው የጎደለው።

ውኃው መጀመሪያ እንደ ቀለም ጠቁሮ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሻይ ይመስላል፤ እንደ ገባ ጠርቶ እስኪወጣ አትቆሚም። እሳት የሚገባባትን ቀዳዳ በዶሮ ላባ... እንዲህ። አሁን ዘንጉ። ይህችን ጭረት ታያለሽ? ቡአዛ በቢላዋው ያበጃት ናት። ዘንጉ ጥግ ሲነካ ጭረቷ ከአፈሙዙ ጋር እኩል ትሆናለች። እይ፤ እምቢ አለች። አውራ ጣት ያህል ቀራት። ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ላላ ሩቅያ። የሟቹ ዝገት ይሆናል። ኃጢአቱ ተከምሮ...

ይህን ጥምዝ ሽቦ ጫፉ ላይ እናስረው። አዞርሁት... ያዘ። ሳብ... ሳብ...

ጨርቅ ነው።

ዳር ዳሩ አርሯል፤ መካከሉ ግን እንደ ሎሚ ቢጫ ነው። ምነው ሳቅሽ? እኔ ምን አልሁ? ቢጫ ጨርቅ በአገሩ ሞልቷል። ሐሙስ ገበያ ላይ አዲስ ቢጫ ጥምጣም የገዛው ስንት ሰው ነው?... አንድ ብቻ? አንቺ ካልሽ ይሁን። እኔ አላየሁትም፤ ትናንት ድንኳናችን ፊት ሲንጎራደድበት ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።

ቡአዛን የከፈንነው በነጭ ነው። ታዲያ ምናልባት ከመቃብሩ ተነሣና ገበያ ወረደ፤ ቢጫ ጥምጣም ገዛ፤ ጠመንጃውን በአዲስ ጨርቅ ጠረገ፤ አዲስ ስስ ጨርቅ ዘንግ ላይ እንደሚተረተር ረሳ፤ ቁራጩ ሥር ሲቀርበት በላዩ ዘይት ሞላበት፤ ከዚያ ተመልሶ ተኛ። ሙት መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል?

ያ ሳል የማን ነው?... ነፋሱ ይሆናል።

ነይ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና ፀሐዩን በአፈሙዙ ወደ ውስጥ አስገቢው። ወደ ሸራው ጠጋ በይ፤ የምታዪውን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል። ጠባሳ አለ? የዝገት ነጥብ? እስከ ጥጉ መስተዋት ነው አይደል?... አዎ። ያ የእሱ እጅ ነው። የቀረኝ ያ ብቻ ነው።

ስሚ፣ ከማዶ ነው። አለቃው ምን አለ? “ቡአዛን መልሱት፤ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው” አለ? እስቲ ድገሚልኝ፣ ጆሮዬም አቧራ ገብቶበታል... አንዴ ደግሞ። አላለቀስሁም እኮ፣ ላላ ሩቅያ፤ ተይኝ፣ ዘንድሮ አቧራው በዝቷል።

በይ ጠመንጃውን ለላኪው አድርሺለት፤ ጨርቁንም፣ ጥምጣሙ ጎድሎበት እንዳይበርደው። ምርቃቴንም አድርሺልኝ፤ ከልቤ ነው። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። ከማዕዱ ዘይት አይጉደልበት። የማይቀረው ቀን ሲመጣም፣ ጠመንጃውን የሚረከብለት፣ ከሞተ በኋላም ስሙን የሚጠብቅለት፣ ልክ እሱን የመሰለ ወንድም ይስጠው።