ለሽሪምፑ የተሰጠው ክኒን

የባለቤቴ ወንድም ኤርሚያስ ያደረገኝን ስሙልኝ! በኮሮናው ጊዜ ያበስልበት የነበረው ሆቴል ሲዘጋ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ካለው ሱቃችን ጓሮ ሽሪምፕ ላርባ አለ። ሽሪምፕ የሚያውቀው በመጥበሻ ብቻ ነው። ቢሆንም ቁጭ ብሎ ከሚተክዝ ብዬ ትልልቅ የውሃ በርሜሎች ሰጠሁት። ደህና ሲያድጉ ቆይተው መተንፈሻቸው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ወጣባቸውና መብላት አቆሙ። ሽሪምፑን ለሸጠልን ሰው ብደውል፣ «ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ቆሻሻ ውሃ ይወዳል። ውሃውን ቀስ በቀስ ቀይሩ፤ መድኃኒት የሚባል እንዳታስጠጉ» አለኝ። ይህንኑ ለኤርሚያስ ነገርኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ብወጣ ሽሪምፑ በሙሉ ሞቶ በየበርሜሉ ወለል ላይ ተነጥፏል።

«ምን አደረግካቸው?»

«አይቨርሜክቲን በጥብጬ ጨመርኩላቸው።» ያን ጊዜ ሰዉ ለኮሮና ይሆናል እያለ በድብቅ የሚገዛው ክኒን ነው። «ተውሳክ ይገድላል ይላል እኮ ጋሼ፣ ማሸጊያው ላይ!»

ለሻጩ መልሼ ደወልኩ። «እሱማ ከተውሳኩ በፊት ሽሪምፑን ነው የሚጨርሰው» ብሎ ዘጋብኝ። ጩኸቴን ሰምታ ባለቤቴ ማስክ እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ወጣች። ኤርሚያስ ግን አንዱን ሽሪምፕ አውጥቶ አገላበጠና፣ «ጥጡስ ለቋል» አለ። ቀጥሎ ከኪሱ የተረፈውን ክኒን አወጣ።

«ጋሼ፣ ትናንት ስታስል ሰምቼሃለሁ። አንድ ዋጥ።»

ባለቤቴ ክኒኑን ከእጁ ነጠቀችው።