ከባልሽ ንግግር አውጪኝ

ሄሎ?... ማን ልበል?... አንቺ ነሽ እንዴ? ቆይ፣ ማሽኑን ላቁም። — እትዬ፣ ቀሚስዎ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው፣ አረፍ ይበሉ። — ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?

ደህና... ማለት፣ ምን ደህና አለ። የሚከታተሉኝ ሁለት ሰዎች አሁንም ከሱቁ ፊት ለፊት ቆመዋል። ልብስ አያሰፉ፣ አይሄዱ። የአንዱ ኪስ ተተርትሯል፤ ግባና ልጥቀምልህ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ምን?... ባልሽ ዛሬ በራዲዮ ሊናገር? ይናገራ፣ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል... እኔን? እኔን ምን ብሎ ነው የሚያነሳኝ?... መታሰሬን?

አንቺው ነሽ የጻፍሽው? በይ እሰየው! ጋዜጠኛ ሳለሽ ሰው በጥያቄ ታፋጥጪ ነበር። ስደተኛውን የተቃዋሚ ፓርቲ ሊቀመንበር ልጠይቅ ብለሽ ድንበር ተሻገርሽ፣ አግብተሽው ቀረሽ። አሁን ደግሞ መልሱን የምትጽፊለት አንቺ!

ጋሼ አትበይኝ! ስታገቢ ጋሼ የት ነበር? ጎረቤት «እንኳን ደስ አለህ» ሲለኝ «በምኑ?» ያልኩ ሰው ነኝ። አንቺ እንድትማሪ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ፣ ሰርግሽን ከራዲዮ የሰማሁት እኔ።

ስሚኝ... «ትንፍሽ ካልክ ትመለሳለህ» ብለው ነው የለቀቁኝ። ገባሽ? ያንን ከተናገረ ዛሬውኑ ይወስዱኛል። ልጆቼን ማን ያበላል፣ ሊቀመንበሩ? አውጪኝ እባክሽ።

ስሜ የለበትም? ታዲያ ምን ይላል?... እስቲ አንብቢው።... «አንድ ምስኪን ልብስ ሰፊ»?

ምስኪን?... ማነው ምስኪን ያለው?... «የባለቤቴ ወንድም» አይልም?... ብለሽ ነበር? እሱ ነው የሰረዘው?... ለዘመዱ ያለቅሳል እንዳይባል? አሃ! ዱላው ሲሆን ዘመድ ነኝ፣ ንግግሩ ሲሆን መንገደኛ!

— ምንም አይደለም እትዬ፣ እህቴ ናት። ይቀመጡ። —

ሄሎ... አልጮህኩም። ያሰሩኝማ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ የማያውቀው ባልሽ ነው። እንግዲህ አንዱን ምረጪ። ወይ ወንድምሽ ነኝ፣ ወይ ጨርሶ የለሁም።...

ሄሎ? አለሽ?...

ሰረዝሽው?

... ሙሉውን?... ይሄን ያህል ቶሎ?

አይ... አይ፣ ልክ ነሽ፣ እሱኑ ነው የለመንኩሽ። ደግ አደረግሽ።... አልተቀየምኩም። ድምፄ እንዲሁ ነው።... በይ ሂጂ፣ ይጠብቅሻል። ደህና ዋይ።