የኮመጠጠው ወይን

ከሮቤ ወደ ጎባ በምትሄደው ላንድሮቨር ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ጀሪካን አቅፋለች። ከፊቷ ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ጠጅ ነው?»

«አዎ አባባ፣ የሪራ ማር ጠጅ። ጎባ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሥልጣናት እኛ ጋ ምሳ ይበላሉ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

«ያዘዙት ቀይ ወይን ነው። ጠዋት ብከፍተው ሆምጣጤ ሆኗል። ሮቤን ሁሉ ዞሬ ሌላ አጣሁ።»

«ጠርሙሶቹን አቁማችሁ ነው ያስቀመጣችሁት?»

«አዎ፣ መስኮቱ ሥር።»

«ቡሹ ደርቆ አየር ገብቶበታል። ወይን ጋደም ብሎ ጨለማ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ዕድሜዬን ሙሉ ወይን ፋብሪካ ነው የሠራሁት። ምግቡስ ምንድን ነው?»

«የበግ ጥብስ።»

«ጠጁ ጠንከር ያለ፣ ጣፋጭነቱ ያነሰ ከሆነ ስብ ለበዛበት የበግ ሥጋ ከቀይ ወይን አያንስም። እውነቱን ንገሪያቸው።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከእኔ በፊት የነበረው አስተናጋጅም ሥጋው ተበላሽቷል ብሎ እውነቱን ተናገረ። አሻጥር ነው ብለው ወሰዱት፤ እስካሁን አልተመለሰም።»

ሽማግሌው ጎባ ደርሰን ስንወርድ ጀሪካኑን ተቀበሏት።

«ነይ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ አብሬሽ እገባለሁ። ወይኑን ፊታቸው ቀምሼ፣ የሴትየዋ ጥፋት አይደለም እላቸዋለሁ።»

«እርስዎን ቢይዙዎትስ?»

«ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት። ሕፃናት ናቸው።»

«የእኔዎቹ አድገዋል።»

የእኔም መንገድ በሆቴሉ በኩል ነበር፤ ግን እነሱ እስኪርቁ ድረስ የጫማዬን ክር እንደሚያስር ሰው አጎንብሼ ቆየሁ።