ለወለተ ሩፋኤል ስንት ይበቃታል?

የሰደበኝን ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን አስቀድሜ ልናገር። ሰዳቢዬ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ፤ የይፋግ ሰው፣ የሚስቴ አባት ናቸው። ቀኑ ጥር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ እሑድ። ቦታው ባሕር ዳር፣ የገዛ ደጃፌ፣ ጎረቤት ሁሉ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ። ልጃቸውን ወለተ ሩፋኤልን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷት፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ አድርገው የአንገቷን አጥንት አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የፋብሪካው ሚዛን ጠባቂ አይደለህም? የጥጡን ክብደት ታውቃለህ፤ የሚስትህን አታውቅም። ስሰጥህ ሰው ነበረች፤ መቋሚያ አስመስለህ ጠበቅኸኝ።»

ጎረቤቱ ሳቀ። ሌላው አፉን በነጠላው ሸፈነ፤ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግን አልሸፈነም። በማግሥቱ መሪጌታ ልጃቸውን ከነሕፃኑ አውቶቡስ አሳፍረው ወደ ይፋግ ይዘዋት ሄዱ።

ሰውየው ሲሰድቡኝ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. ከጉባኤያቸው ተቀምጬ ቅኔ ስማር ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እንኳ አልሞላልኝ ቢል፣ በተማሪው ሁሉ ፊት «ይህ ራስ ለቁና እንጂ ለቅኔ አልተፈጠረም» ብለው አሰናብተውኛል። ከዚያ በኋላ በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ደረስሁ፤ ደመወዝተኛ ስሆን ልጃቸውን ሰጡኝ። እንግዲህ ይህን የሚጽፈው ሊቅ አይደለም። ሚዛን ግን አውቃለሁ፤ በሚዛን የተማርሁትንም ሚስት ላለው ሁሉ ልንገር ብዬ ነው።

ሁለት ወር ቤቴ ባዶ ሆነ። የጧት ተረኛ ስለነበርሁ በስምንት ሰዓት እወጣለሁ፤ እግሬ ግን ወደ ቤት አልሄድ አለኝ። የሕፃኑ የዓምደ ሚካኤል ጨርቅ ይሰጣበት የነበረውን ገመድ ባዶውን ማየት ከበደኝ። ስለዚህ በየቀኑ ወደ ጣና ዳር እወርድ ነበር። ይፋግ ከባሕር ዳር አይታይም፤ ይህን አላጣሁትም። ቢሆንም ያው ውሃ ወዲያ ማዶ የፎገራን ሜዳ ይነካል፤ እሷ ካለችበት አገር ጋር የሚያገናኘኝ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የማስበው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። በተጋባን ዓመት አንድ እሑድ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። ጭነት አልነበረም። «እስኪ እኔን መዝነኝ» አለችና ጫማዋን አውልቃ ከሚዛኑ ላይ ወጣች። ኀምሳ አራት ኪሎ። «ከአንድ ቦንዳ ጥጥ ይኸን ያህል አነስሁ?» እያለች፣ ሳቋ ከቆርቆሮው ጣራ እየተመለሰ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ጥር ላይ ክሊኒክ ስትመዘን አርባ አንድ ነበረች። ካርዷ አሁንም ከኪሴ አለ።

መጋቢት 10 ቀን፣ በደብረ ዘይት ሳምንት ማክሰኞ፣ እንደ ልማዴ ስወርድ ከጀልባ መሳፈሪያው ዋርካ ሥር መሪጌታን ድንገት አየኋቸው። ወደ አንዱ የደሴት ገዳም ሊሻገሩ ኖሯል፤ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባው ዘግይቷል። አጠገባቸው የፋብሪካችን ክሊኒክ ነርስ ሲስተር እናትዓለም የክትባት ሣጥኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የአሰላ ልጅ ናት፣ ለሥራ ወደ ዘጌ መሄዷ ነው። ልመለስ ስል እሷ «ጋሽ አካሉ!» ብላ ጠራችኝ። ከዚያ ወዲያ መሸሽ ነውር ሆነ። ቀርቤ እጅ ነሣሁ። መሪጌታ ራሳቸውን ብቻ ነቅነቅ አድርገው መለሱልኝ።

ስለ ባለቤቴ ጠየቅሁ፤ «ደኅና ናት» አሉ። ስለ ልጄም ጠየቅሁ፤ እሱም ደኅና ነው። የመጣልኝን ተናገርሁ፦

«መሪጌታ፣ ለፋሲካ ትመለስልኝ። ቤቴ ቤት አልሆን አለኝ።»

«ወዴት ትመለስ? ወደ ረኃቡ?»

ለነርሷም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አወሩላት፤ የጥጡንም የመቋሚያውንም ስድብ አንድ ቃል ሳያስቀሩ። እኔ ቆሜ ሰማሁ። በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ጤፍ ከመራዊ አስጭኜ እንደማስመጣ፣ ሽሮውም በርበሬውም ዘይቱም ከቤቴ ጎድሎ እንደማያውቅ፣ ለሚስቴ ጓዳዋን ቆልፌባት እንደማላውቅ በመድኃኔ ዓለም ማልሁ። እሳቸው አላመኑኝም። «ጓዳው ሙሉ ከሆነ ሥጋዋን ማን በላው?» አሉ።

ሲስተር እናትዓለም እስካሁን ሁለታችንንም በትዕግሥት ስታዳምጥ ነበር። ወደ እኔ ዞራ፣ ወለተ ሩፋኤል በቀን ምን ምን ትበላ እንደነበር ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ። ገበታ ታቀርብልኛለች፤ ውሃ ይዛ ትቆማለች፤ ጠግቤ ስነሣ የተረፈውን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። ነይ አብረን እንብላ ስላት «ቅድም በልቻለሁ» ትለኛለች። ሁልጊዜም አስቤ አስተርፍላት ነበር፤ ትሪ አሟጥጬ የተነሣሁበት ቀን የለም። ይህን ስናገር መልካም ባል መሆኔን እየመሰከርሁ መስሎኝ ነበር።

«ጋሽ አካሉ፣ እርስዎ በሥራዎ ላይ ክብደት በግምት ይቀበላሉ?» አለችኝ።

«አልቀበልም።»

«ታዲያ የወለተ ሩፋኤልን እንጀራ ለምን በግምት አስተረፉላት?»

መሪጌታ ደስ አላቸው፤ ጢማቸውን እየዳበሱ ተመለከቱኝ። ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም።

ነርሷ ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። እሳት ማገዶ እንደሚፈልግ ሰውነትም ይፈልጋል፤ ምግብ የሚሰጠው ጉልበት የሚለካበትን መለኪያ ካሎሪ ይሉታል። አንዲት ሴት ሳትወፍር ሳትከሳ ባለችበት ክብደት እንድትኖር በቀን ወደ ሁለት ሺህ ካሎሪ ያስፈልጋታል። ቁመቷ፣ ዕድሜዋና ሥራዋ ይለውጠዋል፤ ተቀምጣ ለምትውል ትንሽ ያንሳል፣ ውሃ ለምትቀዳና እንጨት ለምትሸከም ከዚያ ይበልጣል። ለምታጠባ ደግሞ አምስት መቶ ያህል ይጨመራል።

መሪጌታ ቁጥሩ ከነከናቸው።

«ልጄ፣ ሆድ በቁጥር ይመገባል? ባሻገር ባለው ገዳም በጥሬ ሽምብራ ስልሳ ዓመት የኖሩ አባቶች አሉ። ማን ቆጠረላቸው?»

«አባቴ፣ ጸሎታቸው ይድረሰንና፣ እነሱ ልጅ አያጠቡም።»

መሪጌታ ሊቆጡ ከጀሉ፤ ግን ሳቃቸው ቀደማቸው። ሳቁን ዋጥ አድርገው ወደ ጾሙ ዞሩ፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም መሆኑን፣ ሴት ልጅ ከጾም ብትሸሽ ቤቱ እንደሚረክስ ተናገሩ። ነርሷ ጾሙን አልነካችም። ጾም ሰዓቱን ያዘገያል፣ ቅቤውንም ያስቀራል፤ ከቀረበ በኋላ ግን ግማሽ ብቻ ብዪ ብሎ ያዘዘ አባት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ደግሞስ ለምታጠባ እናት ቀኖናው ምን ይላል? መሪጌታ ሊቅ ናቸውና መዋሸት አልሆነላቸውም። «ለአራስና ለምታጠባ ይራራል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ወደ መጨረሻ ምሽጋቸው ገቡ። «በዚህ በድርቁ ዘመን ወገን በየሜዳው እየወደቀ፣ አንቺ ሚስቶቻችሁን በልክ አጥግቡ ትያለሽ። አታፍሪም?»

እናትዓለም ሣጥኗን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት አኖረችው።

«መጠለያ ጣቢያ ሦስት ወር ሠርቻለሁ፣ አባቴ። የአንገት አጥንት እንዴት እንደሚወጣ እዚያ አይቻለሁ። እዚያ እህል ጠፍቶ ነው። እናንተ ቤት ግን ጤፉ ተቀምጦ ሴቷ ትከሳለች። የሚያሳፍረው የቱ ነው?»

እኔ ከኪሴ እርሳስና የሚዛን ወረቀት አወጣሁ፤ ሥራዬ ነውና እጄ ራሱ ሄደ። ነርሷ እየነገረችኝ ጻፍሁ። ጧት አንድ ስኒ ሻይና አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት መቶ። ከእኔ የተረፈ እንጀራ ከነሽሮው፣ ብዙ ነው ከተባለ አምስት መቶ። ማታም እንደዚያው፣ አምስት መቶ። ድምሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሆነ። ሊሆን የሚገባው ደግሞ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። እኩሌታ አይሞላም። እንዲህ ያለ ጭነት ከፋብሪካው በር ቢመጣብኝ ሾፌሩን ሰድቤ እመልሰው ነበር። የጎደለው ከየት ይመጣል ብዬ ጠየቅሁ፤ «ከራሷ ሥጋ» አለችኝ። «ልጁ የጠባው እሱን ነው።»

ወረቀቱን ለመሪጌታ ዘረጋሁላቸው። በልቤ፣ እንግዲህ ጓዳ ቆላፊ አለመሆኔን ያዩታል፣ ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን ሳይሆን ሐይቁን አዩ።

«ይህን ሥርዓት እኮ ከኔ ቤት ነው የተማረችው» አሉ። «እናቷ እንደዚያ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ስንኖር አገጯ ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም። ለሰው ሁሉ በኩራት እናገር ነበር፤ እንዲህ ያለች ጨዋ ናት እያልሁ።»

«ስንት ወለዱ?» አለች ነርሷ በቀስታ።

«ሰባት። ሁሉንም አጥብታለች። በአርባ አምስት ዓመቷ ሞተች። መጋኛ ነው አሉን። ጠበል ወሰድናት፣ ደጅ ጠናንላት። ስንሸከማት ቀላል ነበረች። የጾመ ሰው ሥጋ ይቀላል፤ ጽድቋ ነው አልሁ።»

ሰው እንዲህ ሲረታ ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር። ደስ አላለኝም። ነርሷም ደግ ልጅ ናት፤ ምክንያቱ ያ ነው ብላ አልፈረደችም። ያለፈውን ማወቅ እንደማይቻል፣ የወለተ ሩፋኤል ግን በእጃችን እንዳለ ነገረቻቸው። መሪጌታ እንደ ተማሪ ይጠይቋት ጀመር። ስንት እንጀራ? አንድ ትልቅ እንጀራ እንደ ውፍረቱ አራት መቶም አምስት መቶም ይሆናል፤ ሦስት እንጀራ ከነወጡ፣ በየመሐሉ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ፍስክ ሲሆን ወተትና ዕንቁላል። መቼ ትብላ? ከባሏ ጋር፣ ከአንድ ገበታ፣ ሳይበርድ። ጥቅሙስ? ወተቷ ይበረክታል፣ ሕፃኑ በየበሽታው አይወድቅም፣ ሥራ አያደክማትም፣ ሁለተኛ ስትወልድ ደሟ አያንስም፤ ባልም ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አይንከራተትም።

መሪጌታ ይህን ሁሉ በራሳቸው አነጋገር ደገሙት፤ የገባቸውን ነገር ሲያስተምሩ ድሮም እንደዚያ ናቸው። የምታጠባ ላም ገለባ የሚጨመርላት መሆኑን ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ለሚስቱ ግን እንደማያውቅ ተናገሩ። ይፋግ ሲመለሱ ለምእመኑ ከቅዳሴ በኋላ ሊመክሩ ቃል ገቡ። ይህን ለሚያነብብ ባለትዳር እኔም የምለው ያንኑ ነው፦ በልቻለሁ የምትልህን ሚስት ቃሏን አትመን፤ አስቀምጣትና ስትበላ እያት። ትራፊ ልክ የለውም።

ጀልባው ሲመጣ ታየ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ይቅርታ አላሉኝም፤ ይህንም አልረሳውም። ግን ክንዴን ያዙኝ፤ ከ1962 ዓ.ም. ወዲህ እጃቸው ሲነካኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«የሆሣዕና ዋዜማ መጥተህ ውሰዳት። እሷም በየቀኑ መንገድ መንገድ ስታይ ነው የምትውለው፤ አልነግርህም ብዬ ነበር» አሉ።

ሁለት ወር ውሃ ውሃ ሳይ፣ ወዲያ ማዶ እሷም መንገድ መንገድ ታይ ነበር።

«እስከዚያ እኔ ላበላት እፈልጋለሁ» ሲሉ ቀጠሉ። «በጾም የሚሆነውን፣ ደስ የሚላትን ላሠራላት። ግን ሳስበው እኔ አባቷ አላውቅም። አንተ ባሏ ታውቀዋለህ፤ ልጄ መብላት የምትወደው ምንድን ነው?»

አፌን ከፈትሁ። ምስር ልል ነበር፤ ምስር የምወድ እኔ ነኝ። ጎመን ልል ነበር፤ እሱም የኔ ነው። ሦስት ዓመት ያቀረበችልኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስሁ፤ ሁሉም እኔ የምወደው ነበር። ነርሷም ሣጥኗን አንሥታ ቆማ ትጠብቃለች። መሪጌታ ክንዴን እንደያዙ ዓይኔን ያያሉ፤ አሁን ስድብ ከፊታቸው የለም፤ የእውነት መጠየቃቸው ነው።

ክንዴን ቀስ ብዬ ከእጃቸው አወጣሁና፣ ሳልመልስላቸው ዳገቱን ይዤ ሄድሁ።