ትሪምባክ ይዞት የታሰረው ሻንጣዬ

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ክቡራትና ክቡራን መምህራን፣ ይህን ሁሉ አበባ አንገቴ ላይ ስላጠለቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሳታራ ከተማ ውስጥ የቀረ አበባ መኖሩን እንጃ።

በዚህ ትምህርት ቤት ስፖርት ሳስተምር ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ሰው ስቀና ኖሬአለሁ። ያውላችሁ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የጥንቱ የሳንስክሪት ቋንቋ መምህራችን ትሪምባክ። እሱ አምና ጡረታ ወጣ፤ ቅናቴ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ሁለታችንም ወጣት መምህራን ሳለን፣ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት መምህር ሼሽራዎ፣ እንግሊዝን ከህንድ ከማስወጣታችሁ በፊት ምኞታችሁን ከሆዳችሁ አስወጡ ይሉን ነበር። ጎህ ሳይቀድ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብን፤ ለፀሐይ ሰገድን። ጨው ተዉ ሲሉን ትሪምባክ ተወ፤ ረሳውም። እኔም ተውኩ፤ በህልሜ ግን ጨው የጠገበ ማንጎ ስልስ አድር ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከነፃነት ትግሉ መሪዎች ዘንድ፣ ራሱን የገዛ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ይመረጥ፣ አደባባይ ወጥቶ የእንግሊዝን ጦርነት ይቃወምና ይታሰር ተባለ። ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ነበር እንዴ? ሼሽራዎ አስጠሩኝ።

«ራግሁናት፣ ሻንጣህን አዘጋጅተሃል አሉ።»

«አዎ ጌታዬ፣ ገና ድሮ!»

«ለዚህ ነው የማትሄደው» አሉኝ። «በጣም ፈልገኸዋል።»

ትሪምባክ ጓሮ አትክልት ሲያጠጣ ነበር። ሲነግሩት እጁን ታጠበና ሄደ። ሻንጣ ስላልነበረው የኔን ወሰደ።

ሲፈታ ከተማው በከበሮ ተቀበለው። አበባውን አጥልቅለት የተባልኩት እኔው ነኝ። በቅናት እያረርኩ አጠለቅሁለት። እሱ ሻንጣዬን መለሰልኝና ተማሪዎቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀኝ። ምናለ ትንሽ ቢኮራ? ቢኮራ እኮ ይወጣልኝ ነበር። ነፃነት መጣ፣ ባንዲራችን ተሰቀለ፣ እኔ ግን ከትሪምባክ ነፃ አልወጣሁም።

ትናንት ቤቴ መጣ። አሬራውን ጠጥቶ ጨረሰና፦

«ለስንብትህ አዳራሹን በአበባ ሊያስጌጡልህ ነው አሉ» አለኝ። «እኔን በአንድ ሻይ ሸኙኝ።»

«ድግስ አልፈልግም ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ብልስ? ትንሽ አትለምኑኝም ነበር?»

ክቡራትና ክቡራን፣ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚህ የበለጠ የጡረታ ስጦታ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ያስተማራችኋቸው ልጆች አገሪቱን በደንብ ይያዙ። እናንተም እንደ ትሪምባክ ራሳችሁን ለመግዛት ያብቃችሁ፤ እንደ እሱም ጥቂት ምኞት ይትረፋችሁ።

ና ወንድሜ ትሪምባክ፣ አጠገቤ ተቀመጥ። አበባውን ግን አላወልቅልህም።