በር ላይ የቆመው ሰው

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቋት።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ አባባ? በሩ ተዘግቷል።»

«የእውነት ሰው መሆንሽን ላረጋግጥ ብዬ ነው። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የሌለ ሰው ያሳየኛል። አንዳንዴ አበባ ልብስ የለበሱ ሴቶች፣ አንዳንዴ ትናንሽ ፈረሶች።»

«በስመ አብ! ጂኒ ይሆን?»

«እኔም እንዲያ ብዬ ቁርኣን ሳስቀራ ከረምኩ። ሐኪሙ ግን ጂኒም እብደትም አይደለም፣ ዓይን ሲደክም አእምሮ የራሱን ሥዕል ያመጣል አለኝ። ድምፅ ብቻ የላቸውም።»

«ካላናገሩዎት ታዲያ ምን ቸገረዎት?»

«ከወንድሜ ጋር በመስኖ ውሃ ተጣልተን ዓመት ተኳርፈናል። ያለፈው ጁምዓ በቤቴ በር ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የቆመ ሰው አየሁ።»

«ይቅርታ ሊጠይቅዎት!»

«ከነዚያ አንዱ መስሎኝ በአጠገቡ አልፌ መስጊድ ሄድኩ። ወንድሜ እንደነበር ጎረቤት ነው በኋላ የነገረኝ።»

«ውይ! ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይታለፋል? ምነው እሱስ አፍ የለው?»

«ድንጋዩን አውርድ ሳይባል ይናገራል እንዴ?»

«እሱስ እውነትዎን ነው። አሁንስ ወዴት ነዎት?»

«እሱ ቤት። ዛሬ ተሸካሚው እኔ ነኝ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ትንሽ ድንጋይ እመርጣለኋ!»

ጀውሃ ላይ ሊወርዱ ሲነሱ ዞር ብለው ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ።

እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላልኩት እኔ፣ «አለሁ» ለማለት ጉሮሮዬን ጠረግሁ።