ለጭቃ የተገዛ ጎማ

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል።

«ታማ ዳባት ጤና ጣቢያ የተኛች እናቴን ልንጠይቅ፣ ፒክአፕ እያለን በታክሲ?» አለች ሚስት።

«አስፋልቱ የጎማውን ጥርስ እየጨረሰው ነው አልኩሽ እኮ። የጭቃና የኮረኮንች ጎማ ነው።»

«ጭቃ መቼ ረገጠና! ካስገጠምከው ጀምሮ ደባርቅ አስፋልት ላይ ሲያጓራ ነው የምሰማው።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ‹እናትሽ አገር መንገዱ ክፉ ነው፣ በዚህ ጎማ ክረምት ከበጋ እንጠይቃቸዋለን› ብለህ አልነበር የገዛኸው?»

«ብያለሁ።»

«የታመመች ለት ግን ምን አልክ?»

ባል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ተናገራ!»

«ድንጋዩ ስለት ነው፣ አዲስ ጎማ ይተለትላል አልኩ።»

«ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ አወጣት፣ ያውም በዝናብ! አንተ አስፋልቱ ዳር መኪናህን አቁመህ ጠበቅካት።»

«ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያ ያደረስኳቸው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አዎ፣ በአስፋልት!»

እኔም ጭኔ ላይ በፌስታል የያዝኩትን አዲስ ጫማዬን አየሁና፣ ቀዳዳ ጫማ ያደረገ እግሬን ወደ ወንበሩ ስር ሳብኩ።